ለ12ኛ ክፍል ተማሪ ስለ ሁለተኛ መንገድ ማውራት ሟርት ነው?

ክሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። የሁለተኛ ደረጃ የሂሳብ መምህር ነኝ፣ የአንድ 12ኛ ክፍል ሆምሩምም ነኝ። ጥያቄዬ አጭር ነበር። ተማሪው ለፈተና ከመቀመጡ በፊት፣ ማለፊያውን ባያመጣ ምን እንደሚያደርግ አብረን ብንነጋገር ይጠቅመዋል ወይስ ሞራሉን ይሰብረዋል? መልሱ ግን አጭር አልሆነም። አዲስ የሚመጣ ሰው ከላይ ጀምሮ ማንበብ ስለከበደው፣ የተባለውን በየተራው እዚህ አሰባስቤዋለሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም። የራሴንም ሐሳብ ጣል ጣል አድርጌበታለሁ።

መነሻው

ቁጥሮቹን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ነው። መሻሻል አለ፣ ደስ ይላል። ግን ከአራቱ በጥሩው ዓመት እንኳ ከመቶ ተፈታኝ ከ90 በላዩ ከ600ው 300 አልሞላለትም። እኛ ትምህርት ቤት ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የምናወራው ለቀሩት ጥቂቶች ነው። ወርክሽቱ፣ ሞዴል ፈተናው፣ የቅዳሜው ቲቶሪያል ሁሉ ስለማለፍ ነው። ይሄ ይቅር አላልኩም፣ እንዲያውም ይጨመር። ለብዙዎቹ ግን የምንለው ነገር የለንም።

አንድ ቀን ለክፍሌ ወረቀት አደልኩ። ጥያቄው አንድ ነው፣ 300 ባይሞላ ጥቅምት ላይ የት ትገኛላችሁ የሚል። አብዛኞቹ በግል እንደገና እንደሚፈተኑ ጻፉ። አንዷ ስሟን፣ ክፍሏንና ተራ ቁጥሯን በሚያምር ጽሕፈት ጽፋ፣ ከስሩ በማስመሪያ አስምራ፣ የቀረውን ባዶ መለሰችልኝ። ከጎበዞቹ አንዷ ናት። ጠጋ ብዬ ጠየቅኳት። እንዲህ ያለ ነገር አስባው እንደማታውቅ፣ ቤትም ማንም አንስቶባት እንደማያውቅ ነገረችኝ። ክሩን የከፈትኩት ያን ቀን ማታ ነው።

1.
የመጀመሪያዋ መላሽ ከጎጃም የጻፈች የባዮሎጂ መምህርት ናት። ሰላምታዋን አስቀድማ ሙሉ በሙሉ እንደምትስማማ ጻፈች። እነሱ ዘንድ ውጤት ከወጣ በኋላ ልጆቹ ዝር አይሉም። ወረቀታቸውን መውሰድ ሲኖርባቸው እንኳ መምህር ፊት መቆም ስለሚያፍሩ ታናሽ ወንድም ይልካሉ። ስትጨርስ ግን 300 ላላመጣ ልጅ የቀረው በር ቴክኒክና ሙያ ብቻ ነው የሚል ነገር ጣል አደረገች። እሱ ላይ እርማት መጥቶበታል።

2.
አባት ነው። ልጁ ዘንድሮ ተፈታኝ ናት። ይሄ ማሟረት እንጂ ምክር አይባልም አለ። ልጅ ጥር ላይ ሌላ አማራጭ አለሽ ከተባለች ሚያዝያ ላይ መጽሐፏን እንደምትከድን፣ እሱ ከቤቱ ቆርጦ የማጠናከሪያ የሚከፍለው ለማለፍ ብቻ እንደሆነ፣ መምህርም ሥራው ማስተማር እንጂ ውድቀት መደገስ እንዳልሆነ ጽፎ ዘጋ። ብዙ ሰው ወደደለት። እኔም ቅር አላለኝም። አንድ ልጅ ብቻ ኖሮህ ያለህን ሁሉ እሷ ላይ ካዋልክ፣ ቃሉን መስማት ራሱ ያስፈራል።

3.
የ2014 ተፈታኝ የነበረ ልጅ ቀጠለ። የ2ኛውን መላሽ ጋሼ እያለ፣ በአክብሮት ነው የጻፈው። ውጤቱን በስልኩ ያየው ሌሊት ነው። ጠዋት ላይ እናቱ ለጎረቤት ገና አልወጣም አሉ። ከዚያ በኋላ ያ ቤት ስለ ትምህርት አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ዜና ላይ ስለ ፈተና ሲነሳ አባቱ ቴሌቪዥኑን ይቀንሱ ነበር። ዓመት ከምናምን ቤት ተቀመጠ። ኋላ አንድ የአክስቱ ልጅ ጎትቶ የሆቴል ሥልጠና አስገባው፣ አሁን ሐዋሳ ምግብ ያበስላል። የሚቆጨው ያ ቤት የዋለበት ጊዜ ነው። 11ኛ ክፍል እያለ ያንን ኩሽና አንድ ቀን እንኳ ቢያሳዩት ኖሮ፣ ውጤቱ በወጣ በሳምንቱ ራሱ ሄዶ እንደሚመዘገብ እርግጠኛ ነው።

4.
ሪሚዲያል የሚያስተምር ሰው የ1ኛዋን መልስ በትሕትና አረመ። ግማሹን ያላመጣ ሁሉ የዩኒቨርሲቲ በር አይዘጋበትም። ከ2015 ጀምሮ ሪሚዲያል አለ። ትምህርት ሚኒስቴር የሚያስቀምጠውን መቁረጫ ነጥብ ያሟላ ልጅ ጥቂት ወራት ይማራል፣ ከተቋሙ የሚሰጠው 30 በመቶ፣ ከማዕከል የሚመጣው ፈተና 70 በመቶ ይይዛል፣ ተደምሮ 50 ከሞላ አንደኛ ዓመት ይጀምራል። እሱ ባየው፣ እዚያ የሚቸገሩት አብዛኞቹ ሰነፍ ሆነው አይደለም። የፊዚክሱን ጥያቄ በአማርኛ ብታስረዳቸው ይሠሩታል፣ በእንግሊዝኛ ሲያነቡት ግን ምን እንደተጠየቁ አይገባቸውም። ስለዚህ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በቀን አንድ ገጽ እንግሊዝኛ ጮክ ብሎ ማንበብ ከየትኛውም ወርክሽት በላይ እንደሚጠቅም መከረ። ይሄንን ለተማሪዎቼ አንብቤላቸዋለሁ።

5.
እርማቱን የሚያርም ደግሞ መጣ። ሪሚዲያል ለሁሉም እንዳልሆነ፣ መቁረጫውም በየዓመቱ እንደሚለያይ አስታወሰ። እሱን ተማምኖ እጅን አጣጥፎ መጠበቅ ሎተሪ ቆርጦ ዕጣ መጠበቅ ነው ባይ ነው። ልክ ነው። ሁለተኛ መንገድ ስንል ልጁ በራሱ እግር የሚሄድበት መሆን አለበት።

6.
ረጅሙ መልስ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። አዲስ አበባ ተግባረዕድ ነው የተማረው። ሙያ ግባ ማለት ቀላል እንደሆነ፣ ልጁ ግን የሚገባበትን ነገር በዓይኑ ማየት እንዳለበት ጻፈ። ሕንፃ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግድግዳ በመሮና በመዶሻ መፈልፈል ናቸው። አቧራው ዓይን ይገባል፣ መዳፍ ይላጣል። ከዚያ ቱቦ መቅበር፣ ከዚያ ሽቦ መሳብ፣ ከዚያ በቀለም እየለዩ ብሬከር ላይ ማሰር። አንድ ቀን ጌታው ቴስተሩን ይሰጥህና ጥፋቱን ፈልግ ይልሃል። የ10ኛ ክፍል ፊዚክስ ለእሱ የገባው ያን ቀን ነው። ቮልቴጅ ለምን እንደሚወርድ ደብተሩ ላይ ሠርቶታል፣ በእጁ ሲነካው ግን ሌላ ሆነበት።

ሁለት ነገር ደግሞ አጥብቆ ተናገረ። አንደኛ፣ ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና ሳይፈተኑ መቅረት አይገባም። ምዘናውን ያላለፈ ሰው እጁ ወርቅ ቢሆንም ጨረታ የሚወዳደር ድርጅት ሲቀጥር ወረቀቱን ይጠይቀዋል። ሁለተኛ፣ ለትብብር ሥልጠና ድርጅት ስትመርጡ ቡና ከሚያስፈላችሁና ከሚልካችሁ ሽሹ፣ መሣሪያ የሚያስይዛችሁ ጋ ሂዱ። ሌላም አለ። ወድቄ ነው የመጣሁት ብሎ አንገቱን ደፍቶ የገባ ልጅ አይጠይቅም። መርጦ የገባው ግን ጌታውን በጥያቄ ያደክመዋል፣ ቶሎ የሚለምደውም እሱ ነው።

7.
እዚህ ላይ ነገሩ ተካረረ። አንዲት ሴት ለድሃ ልጅ መሮና መዶሻ፣ ለባለገንዘብ ልጅ ዩኒቨርሲቲ እየተባለ መሆኑን በምሬት ጻፈች። በግል ትምህርት ቤት የሚማሩ ልጆች ወላጆች እንዲህ ያለ ክር እንደማይከፍቱ፣ እኛ መምህራንም ያላስተማርነውን ለመሸፈን ሙያ ክቡር ነው እንደምንል ነገረችን። ቤተ ሙከራ የሌለው፣ አንድ መጽሐፍ ለሦስት የሚያነብ ተማሪ ሲወድቅ ጥፋቱ የልጁ ምርጫ ማነስ ሆኖ መቅረቡ አናደዳት። ንግግሯ ሻካራ ነው፣ ፍሬው ግን እውነት አለው። በ2014 አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ከ1,100 በላይ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። እዚያ የተማረ ልጅ ሁሉ ሰነፍ ነበር የሚል ሰው የለም። ስለ ሁለተኛ መንገድ ማውራታችን ይሄንን ጥያቄ ከመጠየቅ ሊያስቀረን አይገባም፣ ልጁ ግን ትምህርት ቤቶቹ እስኪስተካከሉ ሕይወቱን አያቆምም።

8.
ኤሌክትሪሻኑ በቁጣ አልመለሰም። የራሱ ልጅ ከትምህርት በኋላ አብሮት እንደሚሠራ፣ ምሕንድስናም ቢገባ ደስ እንደሚለው፣ መሮ የያዘ መሐንዲስ ግን ወረቀት ብቻ ከያዘው እንደሚሻል ጻፈ።

9.
ከሜሪላንድ አንዲት እናት ገባች። እዚያ ልጇ 9ኛ ክፍል ሲጀምር ጀምሮ ትምህርት ቤቱ የመደበለት አማካሪ አለው፣ የሚወስዳቸውን ኮርሶች አብረው ያያሉ። ቀጥታ ዩኒቨርሲቲ ያልገባ ልጅ እንደ ሞንጎመሪ ኮሌጅ ያለ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተምሮ፣ ነጥቡን ይዞ ወደ አራት ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ይዛወራል። ክፍያው በጣም ይቀንሳል። እሷ ግን ማታ ማታ ስለምትሠራ ፋፍሳ የሚባለውን የመንግሥት የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ እንኳ የሰማችው ቤተ ክርስቲያን አብራት ከምትቀመጥ ሴት ነው። ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ ገንዘብ የሚገኘው በዚያ ፎርም ነው። የሚያውቅ ሰው አጠገብህ ከሌለ አሜሪካም ሆነህ ያመልጥሃል ነው መልእክቷ።

10.
አንዱ አሜሪካን ተዉን ብሎ አጭር መልስ ጣለ። እሱ ያለበት ትምህርት ቤት አማካሪ ማለት ያረፈደ ተማሪ የሚቆጣ ሰው ነው።

11.
ከቨርጂኒያ አንድ ሾፌር 9ኛዋን ደግፎ ለ10ኛውም መለሰለት። እፍረቱ ባሕር ተሻግሮም ተከትሎናል አለ። ለቅሶ ቤት ሲገናኙ የመጀመሪያው ጥያቄ ልጅህ የት ገባ ነው። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ማለት ስለሚከብድ አንዳንዱ ወላጅ ልጁን ከባድ ብድር ውስጥ ከትቶ ስም ያለው ቦታ ይልካል። እሱ ራሱ ይሄንን ፈርቶ ነበር። ሴት ልጁ ግን እንቢ ብላ በዚያው መንገድ ነርስ ሆነች።

12, 13, 14.
እነዚህን አሳጥራቸዋለሁ። አንዱ ለዲቪ 12ኛ መጨረስ ይበቃ እንደሆን ጠየቀ። ሌላው 12 ዓመት ትምህርት ማጠናቀቅ ወይም ባለፉት አምስት ዓመታት ውስጥ፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት ሥልጠና ወይም ልምድ በሚጠይቅ ሥራ ላይ ሁለት ዓመት መሥራት እንደሚፈለግ ነገረው። ሦስተኛው ስለ ነፃ የትምህርት ዕድል አንስቶ፣ ገንዘብ ካልከፈላችሁ አናስገባችሁም የሚሉ ሰዎች ቴሌግራም ላይ መብዛታቸውን ጻፈ። ለምሳሌ የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ማመልከቻው በነፃ ነው፣ ተማሪው ራሱ ስልኩ ላይ ይሞላዋል። ይሄ ጠቃሚ ነው። የዲቪውን ጨዋታ ግን ሌላ ክር እንዲከፍቱለት ለመንኳቸው።

15.
የወሎ መምህር ወደ ጉዳዩ መለሰን። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት 11ኛና 12ኛ ላይ የሙያ ትምህርቶች መግባታቸውን አስታወሰ፣ ጤና፣ ግብርና፣ ማኑፋክቸሪንግ፣ ኮምፒውተርና የመሳሰሉት። ሐሳቡን ይወደዋል። እሱ ባለበት ግን ትምህርቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ይገለበጣል። ስለ ብየዳ ማስታወሻ የሚጽፍ ልጅ የብየዳ ማሽን ድምፅ አልሰማም። ጎረቤት ጋራዥ አለ፣ በእግር የሚደረስ። ማንም አስቦት አያውቅም።

16.
የሒሳብ አያያዝ ተመራቂ ነው። ማለፍን የመጨረሻ አድርጋችሁ አታውሩ አለ። ዩኒቨርሲቲ የገባም አንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች ወስዶ በነጥቡ ነው ዲፓርትመንት የሚደርሰው። ሲጨርስ ደግሞ ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፣ እሱም 50 ይፈልጋል። ከዚያም በኋላ የወጪ መጋራቱ ዕዳ ይጠብቀዋል። ያለፉትም ልጆች እቅድ ያስፈልጋቸዋል ነው ነገሩ። እሱ ሥራ ያገኘው ከዲግሪው ይልቅ ክረምት ላይ ሱቅ ውስጥ ሒሳብ ሲሠራ በለመደው የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው።

17.
ይሄኛው መልስ ክሩን ቀየረው። ዱባይ የምትሠራ ሴት ናት። ከ10ኛ ክፍል ነው የወጣችው። እኛ ሟርት ነው አይደለም ስንባባል፣ ውጤት የሚወጣበትን ወር ጠንቅቆ የሚያውቅ አንድ ሰው እንዳለ ጻፈች፣ ደላላው። ውጤት በወጣ ሰሞን ቤት ለቤት ይመጣል። ለልጅቷ ፓስፖርት አውጪ ይላታል፣ ለእናቲቱ በወር ይሄን ያህል ትልካለች ይላታል። ማንም ያልተናገረውን ሁለተኛ መንገድ የሚናገረው እሱ ነው። በሕጋዊ መንገድ ለመሄድ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ መያዝ በአዋጅ የተቀመጠ ነገር ነው፣ እሱ ዘንድ ግን ይሄ አይነሳም። እሷ አትሂዱ አላለችም። የሚሄድም ቋንቋ ይዞ፣ ሙያ ይዞ፣ ውሉን አንብቦ ይሂድ ነው ያለችው። አብራት የሄደች ልጅ እጇ ላይ የምግብ ዝግጅት ወረቀት ስለነበር ሆቴል ገባች፣ እሷ ሰው ቤት ቀረች። ዕድሜያቸው እኩል ነው።

ይሄን ደጋግሜ አነበብኩት። እኛ ዝም ስንል ቦታው ባዶ አይቀርም።

18.
አንድ ወጣት 5 ሚሊዮን ኮደርስ የሚባለውን ነፃ ሥልጠና ጠቆመ። ዌብ ፕሮግራሚንግ፣ አንድሮይድ፣ ዳታ ሳይንስና ኤአይ አለው፣ ሰርተፊኬትም ይሰጣል። ከስሩ ኔትወርክ የሌለበት ወረዳ ያለ ሰው ትንሽ ተቆጣበት። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

19.
የ2ኛው አባት ተመለሰ። ሐሳቡን አልቀየረም። 17ኛውን ካነበበ በኋላ ግን እንቅልፍ አልወሰደውም። የሚለው ይሄን ነው፣ ለልጆቹ አትንገሩ፣ ለእኛ ንገሩን። የወላጅ ስብሰባ ላይ ስለ መዋጮና ስለ ዩኒፎርም ብቻ ከምታወሩ፣ ልጄ ባይሳካላት የት እንደምወስዳት፣ ምን ወረቀት እንደሚጠየቅ፣ ምዝገባው መቼ እንደሆነ አሳውቁኝ አለ። እሷ እስከ ፈተናው ድረስ አንድ ነገር ብቻ ታስብ። ከዚህ ሁሉ መልስ ውስጥ እኔን በጣም ያሳሰበኝ ይሄ ነው። ስለ ወላጅ አላሰብኩም ነበር ማለት አይደለም፣ እንዲህ ጥርት አድርጎ የጠየቀኝ ወላጅ ግን አልገጠመኝም።

20.
ተፈታኝ ልጅ ራሷ ጻፈች። የ2ኛውን መላሽ፣ አባትዬውን፣ ስለምታከብር ይቅርታ ጠይቃ ጀመረች። እነሱ ቁጥሩን እንደሚያውቁት፣ በየማታው የጥናት ግሩፓቸው ላይ ስለዚሁ እንደሚያወሩ ነገረችን። ማን ምን ያደርጋል፣ ማን አጎቱ ጋ ይሄዳል፣ ማን ያገባል። ለወላጅ የማይናገሩት እንዳያስጨንቁ ነው። ወላጅ ልጁን እንዳያስደነግጥ ዝም ይላል፣ ልጁም ወላጁን እንዳያሳዝን ዝም ይላል። አንድ ሰው በሁለቱ ፊት ቢያነሳው እፎይ እንደሚሉ ጻፈች። እስከዛ ድረስ ግን ማጥናቷን እንደማታቆም፣ ለዚህ ደግሞ ማንም እንዳይጠራጠራት አከለችበት። ከዚህ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ማንም አልጻፈም።

21.
የ1ኛዋ መምህርት ተመልሳ ጊዜው 12ኛ ሳይሆን 9ኛና 10ኛ መሆን አለበት ብላ ተከራከረች። ልጁ ናቹራልና ሶሻል የሚለየው 11ኛ ሲገባ ነው። አብዛኛው የሚመርጠው ጓደኛውን ተከትሎ ወይም ናቹራል የጎበዝ ነው ስለተባለ ነው። ሂሳብና ፊዚክሱ እየተጎተተ ያለ፣ ጂኦግራፊና ታሪክ ግን የሚወድ ልጅ እዚያ ገብቶ ሁለት ዓመት ይሰቃያል። ከምርጫው በፊት የሁለት ዓመት ውጤቱን ዘርግቶ አብሮት የሚቀመጥ መምህር ቢኖር ብዙ ነገር እዚያው ይቃናል። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ የምትለዋን ተረት ጠቀሰች፣ ቦታዋ ነው። ከሷ ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ዘንድሮ 12ኛ ላይ ላሉት ግን ይሄ አይደርስላቸውም፣ እነሱንም መተው አይቻልም።

22.
የእኔ መልስ ነው። የማደርገውን ጻፍኩ። ኅዳር ላይ የክፍሌን ወላጆችና ተማሪዎች አንድ ላይ እጠራለሁ፣ በአንድ ክፍል፣ ልጅ ከወላጁ ጎን ተቀምጦ። ግማሹ ጊዜ ስለ ፈተናው ነው፣ የሚጠናው፣ ጊዜ አከፋፈሉ፣ እንግሊዝኛው። ግማሹ ስለ ሌላው ነው፣ ሪሚዲያል ምን እንደሆነ፣ በአካባቢያችን ያለው ፖሊ ቴክኒክ ምን እንደሚያሠለጥንና ምን እንደሚጠይቅ፣ በግል ደግሞ መፈተን እንዴት እንደሆነ፣ ደላላ ሲመጣ ምን መጠየቅ እንዳለበት። ያቺ ወረቀት ላይም አሁን ሁለት ሰው ይፈርማል፣ ልጁና ወላጁ አብረው ይሞሏታል። አባትዬው አሁንም ደስ አላለውም። ልጆቹ ባይኖሩ ይሻል ነበር አለኝ። 20ኛዋን ልጅ ሰምቼ ግን እነሱን ከበር ውጭ ማስቀመጥ አልቻልኩም።

23.
ኤሌክትሪሻኑ ቅዳሜ ጠዋት ጥቂት ተማሪዎች የሚሠራበት ሕንፃ ድረስ ቢመጡ እንደሚያስጎበኝ ጻፈ። ጠንከር ያለ ጫማ ያድርጉ፣ ከወላጅ የተፈረመ ፈቃድ ይያዙ፣ ሴቶችም ይምጡ፣ እሱ ጋ ሁለት ሴት ሠልጣኞች አሉ። የፈቃዱን ደብዳቤ አዘጋጅቼ ለርዕሰ መምህሩ ሰጥቻለሁ። ቀኑ ሲቆረጥ እዚሁ እጽፋለሁ። እስከዚያው በየአካባቢያችሁ ተማሪ የሚቀበል ጋራዥ፣ ክሊኒክ፣ ኩሽና ወይም ቢሮ የምታውቁ ከታች ጻፉልን፣ ሰፈሩንም አትርሱ።